በሰዓት 5 ዶላር ብለህም ለምን ማንም አልመለሰልህም?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ገላን ከሚሠራ ወጣት መሐንዲስ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጋሼ። በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ከተመረቅሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ገላን አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ደመወዜ ከቤት ኪራይና ከትራንስፖርት አያልፍም። ሶሊድወርክስ የሚባለውን የዲዛይን ሶፍትዌር ማታ ማታ ዩቲዩብ እያየሁ ተምሬ አሁን ጎበዝ ነኝ። አፕወርክ የሚባለው የፍሪላንስ ሥራ መድረክ ላይ አካውንት ከፍቼ ስንት ሥራ አመለከትኩ፣ በሰዓት 5 ዶላር ብዬም ማንም አልመለሰልኝም። ጓደኞቼ ‹ገበያውን ሕንዶቹና ፓኪስታኖቹ ይዘውታል፣ አትልፋ› ይሉኛል። ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ብሰጠውስ? ሶፍትዌሩ ክራክ ነው (ፈቃድ ያልተገዛለት)፣ ችግር ይኖረዋል? ከሁለት ወር በኋላ እቁብ ይደርሰኛል፣ ጌሚንግ ላፕቶፕ ልገዛበት ነው። ልምድ ብትለኝ ያው የተሰበረ ዕቃ እየለካሁ፣ እየሳልኩ ቶርኖ ቤት መላክ ነው። እሱ ደግሞ ዲዛይን አይባልም።»

ሰላም ወንድሜ። ደብዳቤህን ከመጨረሻው ነው መመለስ የምጀምረው። ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ንቀህ ጥለኸዋላ!

የተሰበረ ዕቃ ለክቶ፣ ስሎ፣ ቶርኖ ቤት ልኮ፣ መልሶ ገጥሞ የቆመ ማሽን የሚያስነሳ ሰው ዲዛይነር ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ይህንኑ ሥራ ሪቨርስ ኢንጂነሪንግ ብለው ከፍለው የሚያሠሩ ሰዎች ሞልተዋል። አንተ ግን ፕሮፋይልህ ላይ ምን ጻፍክ? ልገምት። «ስሪዲ ሞዴሊንግ፣ ቱዲ ድሮዊንግ፣ ሬንደሪንግ፣ አኒሜሽን፣ ሁሉንም በጥራትና በፍጥነት እሠራለሁ።» እንዲህ የሚል ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ደንበኛው አንዱን ከሌላው የሚለይበት ነገር ሲያጣ የቀረችው ዋጋ ብቻ ትሆናለች፣ በዋጋ ከገባህ ደግሞ ሁሌም ካንተ በታች የሚል አይጠፋም።

እስቲ አንድ ሥራ ይዘን እንየው። ከኮንቬየር የወጣ ሻፍት (የሚሽከረከር ዘንግ) ጠረጴዛህ ላይ አለ እንበል። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቷል። በካሊፐር ስትለካው 24.93 ሚሊሜትር ይልሃል። ሶፍትዌሩን ብቻ የሚያውቅ ልጅ 24.93 ብሎ ይስለዋል፣ ያሳምረዋል፣ ብረት አስመስሎ አብረቅርቆ ይልከዋል። ሻፍቱ ተሠርቶ ሲመጣ ኩሽኔታው ላልቶ ይገባል፣ ቦታው ላይ መሽከርከር ይጀምራል፣ ብዙም ሳይቆይ ያው ቦታ ተመልሶ ይበላል። አንተ ግን ምን ታደርጋለህ? ኩሽኔታውን ጠርገህ ቁጥሩን ታነባለህ። 6205 ይላል። ውስጡ 25፣ ውጪው 52፣ ስፋቱ 15። ስለዚህ ሻፍቱ አዲስ እያለ 25 ነበር፣ 24.93 ያደረገው እርጅና ነው። ከዚያ የሚሽከረከረው ሻፍቱ ነው ወይስ የኩሽኔታው ቤት፣ ጭነቱስ ምን ያህል ነው ብለህ አስበህ ኬ6 የሚባለውን የልክ ደረጃ ትሰጠዋለህ፣ ማለትም ከ25.002 እስከ 25.015 ሚሊሜትር። አሁን ኩሽኔታው ጠበቅ ብሎ ይገባል፣ ማሽኑም ይሠራል።

ሁለቱ ሥዕሎች ስክሪን ላይ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ሰባት መቶኛ ሚሊሜትር ነው፣ ደንበኛ ጥሩ ብር የሚከፍለው ለዚያች ሰባት መቶኛ ነው። እሷን ደግሞ ዩቲዩብ አይደለም ያስተማረህ፣ ጥገና ክፍል ነው።

ማነው ታዲያ የሚገዛህ? እኔ ብሆን መጀመሪያ የማንኳኳው የትንንሽ ማሽን ሾፖችን በር ነው። አሜሪካም አውሮፓም ውስጥ ጥቂት ሠራተኛ ያላቸው የቶርኖና የፍሬዛ (ብረት የሚፈለፍል ማሽን) ቤቶች አሉ። ገበሬው የተሰበረ የማረሻ ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ዳቦ ቤቱ የማሽኑን ማርሽ ይዞ ይመጣል፣ ድሮዊንግ የለም፣ የማሽኑ አምራች ከተዘጋ ቆይቷል። ባለቤቱ ማሽን አለው፣ ባለሙያ አለው፣ የሚስልለት ግን የለውም፣ ወይ ራሱ ሲደክመው ውሎ ማታ ቁጭ ብሎ ይስላል። እንዲህ ያለውን ሰው አንዴ ከረዳኸው ተመልሶ ይመጣል። ፍሪላንስ ላይ ገንዘቡ ያለው ደግሞ ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ጋ ነው፤ በየቀኑ አዲስ ሰው እያደነ ሀብታም የሆነ አላየሁም።

«ዕቃው አሜሪካ፣ እኔ ገላን፣ በምን እለካዋለሁ?» ትለኝ ይሆናል። እነሱ ይለካሉ፣ አንተ ታስለካለህ። የት የት እንደሚለኩ ቀስት አድርገህበት ፎቶውን መልሰህ ትልክላቸዋለህ። አንዳንዱ በስካነር አንስቶ ኤስቲኤል የሚባል የቅርጽ ፋይል ይልክልሃል። ስካን ግን ያየውን ሁሉ ነው የሚያነሳው፣ መበላቱንም፣ መጣመሙንም፣ ዝገቱንም። 8.9 የወጣው ቀዳዳ 9 ነው፣ ኤም8 (የ8 ሚሊሜትር) ቡሎን ያሳልፋል። 6.8 ሆኖ የወጣው ደግሞ ገና ጥርስ ያልወጣለት የኤም8 ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ ጠይቅ። ያንን ሁሉ አጥርተህ ንጹሕ ስቴፕ ፋይልና (በየትኛውም የዲዛይን ሶፍትዌር የሚከፈት ሞዴል) ቶለራንስ (የሚፈቀደው የልክ ልዩነት) ያለው ድሮዊንግ ስትመልስለት ሰውየው እፎይ ይላል።

ሰዓቱም ይመችሃል። የኒውዮርክ ሰው ጠዋት ቢሮ ሲገባ እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ እሱ ገና ቡናውን ይዞ ነው።

ከመላክህ በፊት ግን የአገሩን ደንብ እወቅ። የዕቃው ጎኖች ወረቀት ላይ የሚቀመጡበት ደንብ ይለያያል። አሜሪካኖቹ ሰርድ አንግል ፕሮጀክሽን ነው የሚጠቀሙት፣ ብዙ ጊዜ በኢንች፣ ቶለራንሱ ደግሞ ኤኤስኤምኢ ዋይ14.5 በሚባለው የአሜሪካ ደንብ ነው። ጀርመኖቹ ፈርስት አንግል፣ ሚሊሜትርና አይኤስኦ የሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ። ሁለቱን ካደባለቅህ የቀኙ በግራ ሆኖ ይሠራና ዕቃው እንደ መስታወት ተገልብጦ ይወጣል። ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ያመልጥህ የነበረው ነገር እዚህ ብረት ያስጥላል። ሌላው ደግሞ ፍሬዛ የማይገባበትን ማዕዘን አትሳል። መቁረጫው ክብ ነው፣ ብረቱ ውስጥ የሚፈለፈል ጉድጓድ ውስጠኛ ማዕዘን ቀጥ ብሎ አይወጣለትም። ሬዲየስ ስጠው፣ ማዕዘኑን አክብበው። እንዲህ ያለውን ነገር ባለሙያው አንዴ ካየብህ ሌላውንም ሥራህን አያምንም።

አሁን 5 ዶላሩ። አንድ ባለሱቅ አይፎን በ2 ሺህ ብር ቢልህ ትገዛለህ? ደንበኛውም እንዲያ ነው የሚያስበው። የፕላስቲክ ሞልድ ማሠራት ሺዎች፣ አንዳንዴም አሥር ሺዎች ዶላር ይፈጃል። ድሮዊንጉ ስህተት ከሆነ የሚጣለው ያ ሁሉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለድሮዊንግ መቶ ዶላር ቢያተርፍ ምን ይጠቅመዋል? ርካሽ መሆንህ ያስፈራዋል እንጂ አይስበውም። ሕንዶቹና ፓኪስታኖቹ ያልከውም ግማሽ እውነት ነው። 5 ዶላሩ ሰፈር ውስጥ ሞልተዋል። 50 ዶላሩ ሰፈር ውስጥም ግን አሉ፣ በጣም ጎበዞች፣ ሄደህ ፕሮፋይላቸውን አንብብ። ሁሉም አንድ ጠባብ ነገር ይዘው ነው የምታገኛቸው፤ አንዱ ላሜራ ብቻ፣ አንዱ የፕላስቲክ ዕቃ ብቻ፣ አንዱ የማሸጊያ ማሽን ብቻ።

እኔ የምልህ በሰዓት ከ25 በታች አትጀምር። መድረኩ 10 በመቶ ቢወስድ 22.50 ይቀርሃል፣ ከዚያ ላይ የማስተላለፊያ አለ። ፋይቨር ወደሚባለው ሌላ መድረክ የሄድክ እንደሆነ 20 በመቶውን ነው የሚወስደው። ደግሞ የምትሸጠው ሰዓት ከምትሠራው ሰዓት ያንሳል፤ መልእክት መጻጻፉ፣ ዋጋ ማውጣቱ፣ ማመልከቱ ሁሉ ያንተ ኪሳራ ነው። አንድ ዓይነት ሥራ ደጋግመህ ምን ያህል እንደሚወስድብህ ስታውቅ ግን ሰዓቱን ተወውና በጥቅል ዋጋ ስጥ። ሻፍት መሳል መጀመሪያ አምስት ሰዓት ይፈጅብሃል፣ ከዓመት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል። በሰዓት እየሸጥክ ከሆነ በመፍጠንህ ደሃ ሆንክ ማለት ነው።

ጥቅል ዋጋ ስትሰጥ ምን ምን እንደሚጨምር አስቀድመህ ጻፍ። ሁለት ጊዜ ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ ነው፣ ሦስተኛው ለብቻው ይታሰባል። ስህተቱ ያንተ ከሆነ ግን አሥር ጊዜም ቢሆን በነፃ ታስተካክላለህ፣ እዚህ ላይ አትከራከር። ገንዘቡ መድረኩ ጋ በአደራ ሳይቀመጥ ሥራ አትጀምር፣ «መጀመሪያ ሠርተህ አሳየኝ» የሚልህን በጨዋ ደንብ ሸኘው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። በብር እያሰብክ በዶላር አትተምን። እስከ ሐምሌ 2016 ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሄደ። ብዙ ልጆች ታዲያ «40 ዶላር እኮ ስንት ብር ነው!» እያሉ ዋጋቸውን ራሳቸው ይሰብራሉ። ደንበኛህ ብርን አያውቃትም። እሱ የሚያወዳድርህ አገሩ ካለው ዲዛይነርና ከሚጠፋው ብረት ጋር ነው።

የምታሳየው ሥራ የለህም፣ አይደል? የፋብሪካህን ድሮዊንግ ለጥፍ አልልህም፣ የፋብሪካው ንብረት ነው፣ እሱን ያየ ደንበኛም «የኔንም ነገ እንዲህ ሊያደርግ ነው» ይላል። ይልቅ አንድ ቅዳሜ መርካቶ ውጣ። ሶማሌ ተራ ወይም ምናለሽ ተራ ገብተህ የተሰበረ ፓምፕ፣ ያለቀ የማርሽ ሳጥን፣ ፑሌጃው የተሰነጠቀ ነገር በትንሽ ብር ግዛ። ፍታው፣ ለካው፣ ሳለው፣ ቻል ካለህ አንዷን ክፍል ቶርኖ ቤት አሠራትና ግጠማት። ከዚያ ፎቶ፤ የተሰበረው፣ ድሮዊንጉ፣ አዲሱ፣ ተገጥሞ ሲሠራ። ከሥሩ ምን ገምተህ ለምን እንደወሰንክ በጥቂት መስመር ጻፍ፣ «ይህ ለምን ኬ6 ሆነ» የምትለዋ መስመር ከሃያ የሚያብረቀርቅ ሬንደር ትበልጣለች። እንዲህ ያለ ሦስት ሥራ ካለህ ይበቃሃል።

ከዚያ ስታመለክት «ውድ ጌታዬ፣ የዚህን ያህል ዓመት ልምድ አለኝ» የሚለውን ተወው። ሥራውን አንብበህ ጠይቅ። ስንት ፍሬ ነው የሚሠራው? ብረቱ ምንድን ነው? የሚሠራው በምን ማሽን ነው? ፎቶው ላይ ብየዳው አጠገብ ስንጥቅ ይታያል፣ መጀመሪያ የተሰበረው እዚያ ነው እንዴ? ሰውየው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያነብ ከማን ጋር እንደሚያወራ ይገባዋል። አፕወርክ ላይ ማመልከቻ በነፃ አይደለም፣ ኮኔክት የሚባል የማመልከቻ ነጥብ ትገዛለህ፣ ስለዚህ ለሁሉም አትበትን።

ዳያስፖራውንም አትርሳ። ዋሽንግተን አካባቢ እንጀራ በብዛት የሚጋግሩ የኛ ሰዎች አሉ። ማሽን ያሠራሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ይሰበርባቸዋል። ሊጥ ምን እንደሆነ፣ ዓይን ምን እንደሆነ ልታስረዳው የማያስፈልግህ ደንበኛ ማለት ነው፣ እሱም አንተን ማስረዳት አያስፈልገውም። እንዲህ ያለው ሥራ ሲገኝ ደስ ይላል፣ ክፍያ ላይ ግን «ያው ወገን ነን» ሲመጣ ጠንከር በል።

ክራኩን በተመለከተ በአጭሩ፣ ተወው። የሶሊድወርክስ ባለቤት የፈረንሳዩ ዳሶ ሲስተምስ ነው፣ ያለ ፈቃድ የሚጠቀሙትን ይከታተላል፣ ጉዳዩ አንተ ጋ ባይደርስ ፋይልህን የተቀበለ ደንበኛህ ጋ ሊደርስ ይችላል። የተማሪ ፈቃድም አይሆንም፣ ድሮዊንጉ ላይ «ለትምህርት ብቻ» የሚል ምልክት ያትምብሃል። ኦንሼፕ የሚባለው ሌላ የዲዛይን ሶፍትዌር ነፃ ነው ይሉሃል፣ ነፃው ላይ የሠራኸው ሁሉ ለማንም የሚታይ ነው፣ ለንግድም አልተፈቀደም። ፊውዥን የሚባለው ሶፍትዌር ነፃው ፈቃድም ለግል ሥራ ነው። እስክትጠነክር ፍሪካድ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ተጠቀም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ስሪት 1.0 ወጥቶለታል፣ ሻፍትና ፍላንጅ ለመሳል ከበቂ በላይ ነው፣ ለንግድ ብትጠቀምበትም ማንም አይጠይቅህም። መጀመሪያ ያናድድሃል። ትለምደዋለህ። ማሽን ሾፑ የሚፈልገው ስቴፕና ፒዲኤፍ ነው፣ በምን እንደሳልከው አይጠይቅህም። ደንበኛው «የግድ የሶሊድወርክስ ፋይል» ካለ ሥራው ፈቃዱን የሚከፍል መሆኑን አስላ።

የገንዘቡ ነገር። አሜሪካ ባለ የአጎትህ ልጅ አካውንት አትቀበል። መድረኮቹ የምትቀበልበት አካውንት በራስህ ስም እንዲሆን ነው የሚፈልጉት፣ አንድ ቀን ይዘጉብሃል፣ የአጎት ልጅህም የምታውቀው ነው። ባንክህ ሄደህ የውጭ ምንዛሪ አካውንት መክፈት እንደምትፈልግ ንገራቸው፣ ከውጭ የሚገባ ገንዘብ የሚቀመጥበት አካውንት አሁን ለግለሰብም ይፈቀዳል። ውልህንና ኢንቮይስህን አስቀምጥ፣ ከየት መጣ ይሉሃል። ቲንና ንግድ ፈቃዱን ገና ከመጀመሪያው አንድ የሒሳብ ሰው ጋ ሄደህ አስተካክል፣ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን።

እና አትንካ የምልህ ሥራም አለ። ግፊት የሚይዝ ታንከር፣ ሰው የሚጫንበት ሊፍት፣ ክሬን፣ የሕንፃ ተሸካሚ ብረት። እነዚህን ማጽደቅ እንደ አሜሪካ ባለ አገር ብዙ ጊዜ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ፊርማ ይፈልጋል። «ዝም ብለህ ሳልልኝ፣ እኔ አስፈርማለሁ» የሚል ካለ ስም ያለው መሐንዲስ ያሳይህ፣ ካላሳየህ እለፈው።

ሥራህን ልቀቅ ወይ? አይ፣ አሁን አትልቀቅ። ያ ፋብሪካ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም በየሳምንቱ አዲስ ስብራት የሚያመጣልህ ቦታ ነው፣ ከፍለህም የማታገኘው። ከፍሪላንሱ ለተከታታይ ሦስት አራት ወር ከደመወዝህ በላይ ካገኘህ፣ ያም ከአንድ ሰው ሳይሆን ቢያንስ ከሁለት ደንበኛ ከሆነ፣ ለጥቂት ወር የሚሆን ቀለብና ኪራይም ካስቀመጥክ፣ ያኔ እናወራለን። እስከዚያ ማታና ቅዳሜ። የድርጅቱን ኮምፒውተርና የድርጅቱን ሰዓት ግን አትንካ፣ ነገ የሥራ ማስረጃህን የሚጽፉልህ እነሱ ናቸው።

የእቁቡ ብር። ጌሚንግ ላፕቶፕ አያስፈልግህም፣ የሚበራው ኪቦርድ ለሻፍት ምንም አይጨምርለትም። ካድ ሞዴል ስትሠራ ባብዛኛው የሚደክመው የፕሮሰሰሩ አንድ ኮር ነው፣ ስለዚህ የኮር ብዛት ሳይሆን የአንዱ ፍጥነት ይታይ፣ 16 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ በቂ ነው። ብዙ ክፍል ያለው አሰምብሊ ስትጀምር 32 ታደርገዋለህ። ከተረፈው ለመብራት መጥፋት የሚሆን ባትሪ ግዛ፣ ለደንበኛ «መብራት ሄዶ ነው» ማለት አንዴ ያስኬዳል፣ ሁለቴ አያስኬድም። ከዚያ ደህና ካሊፐር፣ ከ0 እስከ 25 እና ከ25 እስከ 50 ሚሊሜትር የሚለኩ ሁለት ማይክሮሜትሮች (ከካሊፐር የረቀቀ መለኪያ)፣ የቡሎን ጥርስ መለኪያ። ሚቱቶዮ የሚል የታወቀ የመለኪያ አምራች ስም ስላየህ ብቻ ግን እንዳትከፍል፣ የተመሳሰለው ብዙ ነው፤ ስትሄድ አዲስ 6205 ኩሽኔታ በኪስህ ያዝ፣ ካሊፐሩ ውስጡን 25 ውጪውን 52 ካላለህ ለሻጩ መልስለት።